አምስቱ የተፈቱ ከረባቶች

ዓባይነህ ዘለቀ በሰው ፊት ሲቆጣ ያየው ሰው አልነበረም። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ሲኖር ከማንም ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ አልተነጋገረም። ሚስቱ እታገኝ፣ "ይሄ ሰውዬ ንዴቱን በካውያ ተኩሶ፣ አጥፎ ነው የሚያስቀምጠው" ትል ነበር። ባለፈው መስከረም ግን ሳን ሆዜ፣ ከሁለት መቶ ሰው በላይ በተሰበሰበበት ሙዚየም፣ የአምስት ሰዎችን ከረባት ከአንገታቸው ፈትቶ ይዞ ሄደ። ወሬው በማግስቱ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ካፌ ለካፌ ዞረ። ግማሹ አበደ አለ፤ ግማሹ ደግ አደረገ አለ። እሱ ለማንም አላስረዳም።

አባቱ ቄስ ዘለቀ ጉለሌ ባለ አንድ ደብር ያገለግሉ ነበር። ከቅዳሴ ሲወጡ የሌሎቹ ካህናት ጥምጣም ተንጋዶ፣ እጥፋቱ ላልቶ ይታያል፤ የእሳቸው ግን ጠዋት እንደተጠመጠመ ይውላል። ምስጢሩን የሚያውቀው ዓባይነህ ብቻ ነበር። ማለዳ ማለዳ የረጠበውን ሻሽ አንዱን ጥግ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን እሳቸው ይይዛሉ፤ በቁመቱ ሳይሆን በሰያፍ ይስቡታል። ከዚያ ቄስ ዘለቀ መሀሉን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። ልጁ ቸኩሎ ሲጎትት፣ "ተው፣ እሺ እስኪልህ ጠብቀው" ይሉታል።

በአሥራ አራት ዓመቱ ፒያሳ፣ ሙሴ ሃጎፕ የሚባሉ አርመናዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባ። ከረባት መቁረጥ የተማረው እዚያ ነው። ከረባት በሰያፍ ካልተቆረጠ ሲያስሩት ይጠማዘዛል፤ ይህን ሲሰማ የአባቱን ሻሽ አስታወሰና ሳቀ። ሙሴ ሃጎፕ ለምን እንደሳቀ ጠይቀውት ነገራቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውዱን ሐር ሁሉ እሱ እንዲቆርጥ ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ ደርግ መጣ። ከረባት ያሰረ ሰው በክፉ ዓይን የሚታይበት ዘመን ሆነ፤ ሙሴ ሃጎፕ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ልጃቸው አገር ሄዱ። ዓባይነህም ሱዳንን አቋርጦ፣ ካርቱም ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ኦክላንድ ገባ።

ስምንት ዓመት ፓርኪንግ ሠራ። ከዚያ ሚስ ማርግሬት የምትባል ሴትዮ፣ ለቲያትርና ለኦፔራ የድሮ ዘመን ልብስ የምታከራይበት ትልቅ መጋዘን ውስጥ ካውያ ተኳሽ አድርጋ ቀጠረችው። ገና በሁለተኛው ወር አንድ ካርቶን አምጥታ ፊቱ ዘረገፈችው። ውስጡ ከሰው ቁመት የሚረዝም ነጭ ሻሽ፣ ዳንቴል የተሰፋበት ጨርቅ፣ ከኋላ በዘለበት የሚቆለፍ ጠንካራ የአንገት ቀበቶ ነበር። ወንዶች ዛሬ ከረባት የሚያስሩበት ቦታ ላይ ከመቶና ከሁለት መቶ፣ ከሦስት መቶም ዓመት በፊት የሚያስሩት ነው። ችግሩ የሚያስረው ሰው መጥፋቱ ነበር። ተዋንያኑ እንደ ምንም ጠምጥመው መድረክ ይወጣሉ፤ ሁለተኛው ትዕይንት ሳይደርስ ይረግፍባቸዋል።

ዓባይነህ ከካርቶኑ ሻሹን አንስቶ በጣቶቹ መሀል አሸት አደረገው። ያውቀዋል። የአባቱ ጨርቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሠላሳ ዓመት ሥራ ነው። የድሮ ሥዕሎችን በማጉያ መነጽር እያየ፣ በእንጨት ጭንቅላት ላይ እያሰረና እየፈታ፣ አንዱን አስተሳሰር ለማወቅ አንዳንዴ ዓመት ይፈጅበታል። ወታደሮች ጦርነት ሲጠራቸው ለመቋጠር ጊዜ ስላጡ ጫፉን ጠምዝዘው በኮታቸው የቁልፍ ቀዳዳ የሸጎጡት ነው የሚባለውን አስተሳሰር ቶሎ ለመደው። ሦስት እጥፋት ብቻ ያለውን፣ ፈረንጆቹ "ሒሳባዊ" የሚሉትን ግን አልሆንልህ ብሎት ብዙ ተናደደ። እንደ ፏፏቴ ደረት ላይ የሚፈሰውንም እንዲሁ። መጽሐፎቹ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ አሚዶ ንከረው ይላሉ፤ እንዲያ ሲሆን ግን እንደ ካርቶን ድርቅ ብሎ አንገት ይቆርጣል። በመጨረሻ መሀሉን ብቻ አሚዶ አስነክቶ ጫፎቹን ለስላሳ ተዋቸው፤ ሳይደርቅ በሰያፍ ስቦ መሀሉን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ለአንድ የኦፔራ ዘፋኝ ካሰረለት በኋላ ዘፋኙ ቀና ያለ አገጩን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ ዝቅ እንዲያደርግ አዘዘው። እጥፋቶቹ በአገጩ ክብደት አንድ ባንድ ቦታቸውን ያዙ። አራት ሰዓት ሙሉ ኦፔራ ተዘፍኖበት ከረባቱ አልተነቃነቀም።

"ከረባት" በሚለው ቃልም ይኮራ ነበር። ክሮአቶች የሚባሉ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ያስሩት ከነበረው ጨርቅ ፈረንሳዮቹ ስሙን እንደወሰዱ ካነበበ ወዲህ፣ አሜሪካኖቹ "ታይ" ሲሉት እኛ ግን "ከረባት" ብለን የድሮውን ስም ይዘን ቀረን ይላል። ሚስ ማርግሬት ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር። እሷ በሕይወት እያለች ልብስ የሚከራዩ ቲያትር ቤቶች ሁሉ በፕሮግራማቸው ወረቀት ላይ "የአንገት ልብስ፦ ዓባይነህ ዘለቀ" የሚል መስመር ሳያስገቡ ከመጋዘኗ ጨርቅ አይወጣም ነበር። ከሞተች በኋላ ልጇ ኬቨን ያን መስመር ተወው። ዓባይነህም እሺ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ ነው ዌስሊ የመጣው። ሽበቱ ያማረ፣ አነጋገሩ ማር የሆነ፣ ስለ ልብስ ታሪክ የሚጽፍና ቪዲዮ የሚሠራ፣ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ነው። ሳን ሆዜ ያለ አንድ ሙዚየም የወንዶች የአንገት ልብስ ኤግዚቢሽን እንዲያዘጋጅ ቀጥሮታል። ኬቨን አስተዋወቃቸው። ዌስሊ ሁለት ቀን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካሜራ ተክሎ ዓባይነህን ከረባት ሲያሳስረው ዋለ። ይጠይቀዋል፣ ይጽፋል። ሻሹን በሰያፍ መሳብ ከየት እንዳመጣው ሲጠይቀው ዓባይነህ ስለ ቄስ ዘለቀ ጥምጣም ነገረው፤ ስለ ደብሩ፣ ስለ ማለዳው ሁሉ ነገረው። ለልጁ እንኳን እንደዚያ ዘርዝሮ ነግሮ አያውቅም። ዌስሊ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ድንቅ ነው፣ ድንቅ ነው አለ።

ሊቀረጹ ሲሉ ነጭ የጥጥ ጓንት አውጥቶ ሰጠው። ዓባይነህ ገረመው። ጨርቁ አሮጌ አይደለም፤ ሙዚየሙም አልሰጠውም፤ እሱ ራሱ በርክሌይ ካለ ጨርቅ ቤት በጣቃ ገዝቶ፣ ቤቱ ያጠበው፣ ቤቱ አሚዶ የነከረው የራሱ ጨርቅ ነው። በጓንት እጥፋት አይዳሰስም ብሎ አስረዳ። ዌስሊ የሙዚየም ደንብ ነው፣ ተመልካች በባዶ እጅ ሲነካ ካየ ቅር ይለዋል አለ። ኬቨንም ከኋላ ሆኖ በዓይኑ እባክህ አለው። ዓባይነህ ጓንቱን አጠለቀ። እንደ ዓይነ ስውር በግምት አሰረው፤ ያም ሆኖ አማረ።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዓባይነህ አምስቱን ጨርቅ በሸሚዝ ካርቶን አድርጎ በጠዋቱ ሳን ሆዜ ደረሰ። ከጀርባ ባለው ክፍል ለአራት የተቀጠሩ ወጣቶች ከረባት አሰረላቸው፤ ለእያንዳንዱ የተለያየ ዘመን። አምስተኛው ዌስሊ ነበር፤ ለራሱ ፏፏቴውን መርጧል። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አገጩን ዝቅ ሲያደርግ ዓባይነህ በእጁ ደግፎ አወረደለት። ዌስሊ መስታወት አይቶ ትከሻውን ቸብ አደረገውና "ኤብ፣ አንተ አስማተኛ ነህ" አለው። ዓባይነህ የሚለው ስም ለአፉ አልመች ብሎት ኤብ ብሎ አሳጥሮታል።

ሥራው ስላለቀ ዓባይነህ ወደ አዳራሹ ወጣ። ልጁ ሩቲ ኩፐርቲኖ ከሚገኘው ቤቷ መጥታ ከኋላ ወንበር ይዛለት ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ። መብራቱ ደብዘዝ ሲል ግድግዳውን የሞላ ፊልም ተጀመረ። የዌስሊ ፊት መጣ። ለዓመታት በራሱ ስቱዲዮ ሲሞክር ቆይቶ የጠፋውን ጥበብ እንዴት እንዳገኘው ተናገረ። ከዚያ ካሜራው ወደ እጆች ወረደ፤ ነጭ ጓንት ያጠለቁ እጆች። ወዲያው ዌስሊ ይታያል፣ እንደገና እጆቹ፣ እንደገና ዌስሊ።

ዓባይነህ መጀመሪያ እጁን ሲያይ ደስ አለው። በካውያ አደጋ የጎበጠውን የግራ አውራ ጣቱን ከጓንቱ በታች ለየው። ነገሩ የገባው ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ባልቴት ወደ ጓደኛቸው ዞረው ይህ ሰውዬ እንዴት ያለ እጅ አለው ብለው ወደ ዌስሊ ሲጠቁሙ ነው። ከፊልሙ አንድም ቦታ የእሱ ፊት የለም። ድምፁም የለም። ሻሹ በሰያፍ ሲሳብ ከሥሩ ጽሑፍ መጣ፤ "የዌስሊ አሳሳብ" ይላል። በር ላይ የታደለውን መጽሔት ገለጠ። እዚያም "የዌስሊ አሳሳብ" ተብሎ በሥዕል ተዘርዝሯል። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ኦክላንድ ላለው የአልባሳት ቤት ሠራተኞች ምስጋና ይላል።

ወደ ሩቲ ዞረ። ሩቲ ዓይኗን ጭኗ ላይ ጥላለች። አልተገረመችም። ያኔ እንደምታውቅ አወቀ።

ከወንበሩ ተነሳ። ከጀርባ ባለው መተላለፊያ አራቱ ወጣቶች ተሰልፈው ለመውጣት ይጠብቃሉ። ወደ መጀመሪያው ቀርቦ አገጩን በሁለት ጣት ቀና አደረገና ቋጠሮውን ፈታው። ወጣቱ ሊያስተካክልለት መስሎት ዝም ብሎ ቆመ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። አራተኛው ምን ተፈጠረ ሲለው፣ በትህትና፣ ጨርቁ የእኔ ነው ብሎ መለሰለት። እየፈታ በልኩ አጥፎ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠ። በኋላ ለእታገኝ ሲነግራት፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን እጄ ረግቶ አያውቅም አላት።

ዌስሊ ማይክሮፎኑን ኮቱ ላይ እያሰረ መጣ። ባዶ አንገቶቹን አይቶ ቆመ።

"ስሜ የት አለ?" አለው ዓባይነህ።

ዌስሊ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሁሉም የቡድን ሥራ ነው፣ ተመልካች ብዙ ስም ሲበዛበት ግራ ይገባዋል፣ ከዝግጅቱ በኋላ ቡና እየጠጣን እንነጋገር አለ።

"ያባቴን ነገር ነግሬህ ነበር። ጽፈህ ወስደሃል።"

"ኤብ፣ እባክህ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ዓባይነህ ነው የምባለው። የዌስሊ አሳሳብ ካልክ፣ ዌስሊ ይሳበው።"

ጫፉን ይዞ አንድ ጊዜ ሳበ። ያ ፏፏቴ የሚሉት አስተሳሰር ስፌትም መርፌም የለውም፤ የት ጋ እንደሚሳብ ለሚያውቅ ባንድ እጅ ይፈታል። ጨርቁ እየተግተለተለ ከዌስሊ አንገት ወረደ። ዌስሊ ሁለት እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ የያዘው ግን ኮሌታውን ነበር። ዓባይነህ አምስተኛውን አጥፎ ካርቶኑን ዘጋና በሠራተኞች በር ወጣ።

ሩቲ መኪናው ጋ ደረሰችበት። እያለቀሰች ነበር። እንደ ሁልጊዜው እሱ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ፊልሙን ካንድ ሳምንት በፊት ዌስሊ የኢንተርኔት ገጹ ላይ ሲለጥፈው አይታዋለች። እንዳይጎዳ ብላ ነው ያልነገረችው። የእጁን ሥራ ትልቅ ግድግዳ ላይ አይቶ ደስ ብሎት ይመለሳል፣ ስሙን ልብ አይለውም ብላ አስባለች።

"ልብ አይለውም አልሽ?" አላት። "እኔን ከመጎዳት ነው ያዳንሽኝ ወይስ ራስሽን ከማፈር?"

በሩን ዘግቶ ሄደ። በ880 ፍሪዌይ ሲመለስ ግን ዌስሊን ብቻ አልነበረም የሚረግመው። ጓንቱን ሲያጠልቅ ያየውን የኬቨንን ዓይን፣ ከዚያም ሁሉ አብልጦ የራሱን እሺ ባይነት ይረግማል። ስንት ጊዜ ነው ደንብ ነው ሲሉት እሺ ያለው? ፓርኪንግ ሲሠራ ስምህ ለባጅ አይመችም ብለው ሌላ ስም ደረቱ ላይ ሲለጥፉለት እሺ ብሏል። ኬቨን መስመሩን ከፕሮግራሙ ሲያወጣ እሺ ብሏል። ሄይዋርድ ሳይደርስ መሪውን በጡጫ መታው፤ መኪናው ጡሩንባ ነፋ፤ አጠገቡ ያለው ሾፌር ክፉኛ አየው።

ሰኞ ጠዋት ኬቨን ቢሮው ጠራው። ትልቅ ደንበኛ እንዳዋረደበት ነገረው። ዌስሊ ያን ዕለት ኮሌታው ተከፍቶ ወጥቶ በቀልድ ሊያልፈው ሲሞክር፣ ከታዳሚው አንዱ እስቲ አስረህ አሳየን ብሎት፣ ሌላ ጨርቅ ተፈልጎ ተሰጥቶት፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ ረግፎበታል። ኬቨን ይህን የተናገረው እንደ ክስ ነበር፤ ዓባይነህ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ትንፋሽ አገኘ። ኬቨን የተተየበ የይቅርታ ደብዳቤ ገፋለት። ወይ ፈርም፣ ወይ አትምጣ ነው ነገሩ።

ዓባይነህ ደብዳቤውን ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። "በባህል ልዩነት ምክንያት በተፈጠረ አለመግባባት" የሚለው ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አነበበው። "ይህ የባህል ልዩነት አይደለም" አለ፣ "ስርቆት በእኛም ስርቆት ነው።" ወረቀቱን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ካውያውንና የእንጨት ጭንቅላቱን ይዞ ወጣ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርቶ ወደ ደጅ የሸኘው ሰው አልነበረም።

ቤት ሲደርስ እታገኝ አረጋውያን ከምትንከባከብበት የነርሲንግ ሆም ሥራዋ ገና መመለሷ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ፣ "የሰው ወርቅ አያደምቅ። ሰውዬው አንገቱ ባዶ ሲቀር ሁሉ አይቷል" አለችና ምሳ አቀረበች። ሩቲ ላይ ግን ጨክናለች። ስልክ ደውላ፣ አባትሽ አንቺን ለማስተማር የቆመው ካውያው ላይ ነው፤ አሁን አንቺ ደግሞ ቁሚለት አለቻት።

ሩቲ በሁለተኛው ቀን መጣች። አባቷ አላናገራትም። እናቷ የልጅነት ሰርተፍኬቶቿ ከሚቀመጡበት መሳቢያ ሥር አንድ ፌስታል አውጥታ ሰጠቻት። እታገኝ በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ያጠራቀመቻቸው የቲያትር ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ከስልሳ በላይ፤ በሁሉም ላይ ያ መስመር አለ። ዓባይነህ እንኳን መኖራቸውን አያውቅም ነበር። ሩቲ ወለል ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ስካን አደረገቻቸው። የመጀመሪያው እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የታተመ ነው። ቀን በቀን ደርድራ፣ ዌስሊ ገና ተማሪ በነበረበት ጊዜ ይህ አሳሳብ ኦክላንድ መድረክ ላይ እንደነበር የሚያሳይ ደብዳቤ ጻፈችና ለሙዚየሙ ላከች።

መልስ ለማግኘት አምስት ሳምንትና አራት ደብዳቤ ፈጀ። መጀመሪያ ጉዳዩን እየተመለከትነው ነው አሉ። ቀጥሎ ለሠራተኞች የሚደረገውን ምስጋና ከፍ እናደርጋለን አሉ። ዓባይነህ ይህን ሲሰማ ስልኩን ከሩቲ እጅ ወስዶ ከሙዚየሙ የደወለችውን ሴትዮ ራሱ አነጋገራት፤ ምስጋና አልጠየቅኩም፣ ስም ነው የጠየቅኩት አላት። በመጨረሻ መጽሔቱ ላይ ወረቀት ለጠፉ፦ አሳሳቡ የኦክላንዱ ዓባይነህ ዘለቀ ነው፤ ከአባቱ ከቄስ ዘለቀ ጥምጣም የተወሰደ ነው። ፊልሙን እንደገና መቅረጽ ግን በጀት የለም ተባለ። ዌስሊ ገጹ ላይ የነበረውን ፊልም ጥቅምት ላይ ያለ አንዳች ቃል አነሳው።

ዓባይነህ ወረቀቱን ሊያይ ሳን ሆዜ ድረስ ሄደ። ሩቲ በመኪናዋ ወሰደችው። በመንገድ ሚልፒታስ ሲደርሱ እሷ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "አፍሬ ነበር፣ ዳዲ፣ እውነትህን ነው" አለች። እሱ መስኮቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ሙዚየሙ ውስጥ መጽሔቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በአንድ ጥጉ ተነስቶ ነበር። በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለጠፈው። ግድግዳው ላይ ጓንት ያጠለቁት እጆቹ አሁንም ያስራሉ፣ ዌስሊ አሁንም ያወራል። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ቆሞ አየው፤ ሲጨርስ ፊቱ ከገባበት ይልቅ ጠቁሮ ወጣ።

ዛሬ ጋራዡን ሥራ ቦታ አድርጎታል። የኦፔራ ሰዎች በኬቨን በኩል መሄድ ትተው ቀጥታ ለእሱ ይደውላሉ፤ ባለፈው ጥር ለአንድ ትልቅ ሥራ የአሥራ ስምንት ዘፋኞች ከረባት አዘጋጀ። በባዶ እጁ ነው የሚያስረው፤ ከአሁን በኋላ የሚቀርጽ ሰው ቢመጣም የዓባይነህን ስም እንደሚያስገባ በቅድሚያ ውል ይፈርማል።

ንዴቱ ግን አልወጣለትም። እታገኝ ሰውነቱን ይጎዳዋል ብላ ፈርታ ለንስሐ አባታቸው ነገረች። አባ እቤት ድረስ መጥተው፣ ልጄ፣ ይቅር በለው፣ ቂም ለነፍስህ አይበጅም አሉት። ዓባይነህ በአክብሮት ሰማቸው።

"አባ፣ እርስዎ ያሉትን እሰማለሁ" አላቸው። "ግን ሰውዬው ይቅር በለኝ አላለኝም። ሲመጣ በሬ ክፍት ነው። እኔ ግን ይቅርታ ተሸክሜ ቤቱ አልሄድም።"

አባም እንግዲያው ሰውዬው ልብ እንዲገዛ እንጸልይ አሉ፤ ዓባይነህም ከወንበሩ ተነስቶ አብሯቸው ቆመ።